ሁለተኛው ስም

ወደ አራት ዓመት ገደማ፣ ጠዋት ቢሮ ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ የምሠራው ሥራ አንድ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍቼ የአንዲት ሴት ስም ፍለጋው ላይ እጽፋለሁ። ፀዳለ፣ ቀጥሎ የአባቷ ስም። ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ቁልፉን ቶሎ አልጫንም። ስሟ አንድ ቦታ ከወጣ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ካልወጣም እፎይታው እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ኬቨን፣ የኩባንያው ባለቤት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሙ» እያለ ሲጠራኝ ኖሮ በመጨረሻው ቀን ሙሉ ስሜን ኬክ ላይ አስጽፎ አቀረበልኝ። ኬኩን አልበላሁትም። በዚያው ሳምንት ደግሞ ኢንጂነር ግዛቸው፣ የማኅበራችን የቀድሞ ሊቀመንበር፣ በብሎጉ ላይ «የገጾቻችን ታሪክ» የሚል ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ስለ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አለው፤ «አንዲት እናት በመዝገብ ሥራ ረድታናለች» ይላል። ከአባሎቻችን አንዱ ስለነበረው ስለ ዳዊት ግን ሦስት አንቀጽ ጽፏል። ሦስቱም ውሸት ናቸው። ውሸት መሆናቸውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ውሸቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ስለ ራሴ ብዙ አልናገርም፤ የሚያስፈልገውን ብቻ እላለሁ። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ሴንት ፖል ከተማ አረጋውያን አጥቤ አልብሻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒውተር ተምሬ፣ ሃምሳ አራት ዓመቴ ላይ ፕሊማውዝ ውስጥ የሰው ድረ ገጾችን በሰርቨሮቹ ላይ የሚያስቀምጥ አንድ ትንሽ ኩባንያ ቀጠረኝ። ደመወዙ ከዳሱ ብዙም አይሻልም ነበር። ግን ወንበሩ ሙቅ ነበር፤ ሰውም «እማማ» ብሎ ሳንቲም አይወረውርልኝም።

ያስገቡኝ ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። አገር ቤት የስልክ ቴክኒሻን የነበሩ፣ ክሪስታል ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከእኔ በዐሥር ዓመት የሚበልጡ ሰው ነበሩ። ሰርቨሮቹ ያሉበት ክፍል ሐምሌንም ጨምሮ ዓመቱን ሙሉ ብርድ ስለሆነ ቀይ የሱፍ ቆብ አድርገው ነበር የሚገቡት። ኬቨን ይስቅባቸዋል፤ እሳቸው አይመልሱለትም። ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ አንድ ጠንካራ ካርድ አላቸው። የባለቤቱ ስም፣ የተከፈተበት ቀን፣ ምን ተነካ፣ ማን ነካው፣ ሁሉም በእርሳስ ይጻፋል።

ከሁሉም የማይረሳኝ ግን አንድ ልማዳቸው ነው። የማይመለስ ትእዛዝ ከመስጠታቸው በፊት ሁለት እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ ያነሱና ብብታቸው ውስጥ ይከቷቸዋል። ከዚያ እስክሪኑ ላይ ያለውን ከላይ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። አንብበው ሲጨርሱ ብቻ እጃቸውን ያወጣሉ።

«ለምንድን ነው እጅዎን የሚያስሩት?» ብዬ ጠየቅኳቸው የመጀመሪያው ሳምንት።

«ሌባ ስለሆነ» አሉኝ። «ዓይኔ ሳያይ ይሠራል።»

ማኅበሩን ያቋቋሙት በኮምፒውተር ሙያ የሚሠሩ የእኛ ልጆች ናቸው፤ ባንክ ውስጥ ፕሮግራም የሚጽፍ አለ፣ ሆስፒታል ኔትወርክ የሚዘረጋ አለ፣ ገና ተማሪ የሆነም አለ። እያንዳንዱ አባል የራሱን ገጽ መሥራት ነበረበት። አንዱ የሠርጉን ፎቶ ይሰቅላል፣ ሌላው በአማርኛ የፕሮግራም ትምህርት ይጽፋል፣ ሌላዋ የሚኒሶታን በረዶ እየተራገመች በየሳምንቱ ብሎግ ታደርጋለች። ወደ አርባ የሚጠጉ ገጾች ነበሩ፤ ሁሉም እኛ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ስለነበሩ የሁሉም ጠባቂ እኔና ጋሽ ቶሎሳ ነበርን። ስብሰባው ሴንት ፖል አንድ ቤተ መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ይደረጋል። ገጾቹ አንድ በአንድ ግድግዳ ላይ ይወጣሉ፤ ባለቤቱ ይቆማል፤ ሌላው ይበላዋል።

«ቆጣሪዬ ሦስት ሺህ ጎብኚ ገብቷል!» ይላል አንዱ።

«ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶው አንተ ነህ፣ ሪፍሬሽ ስታደርግ!»

«መቶውስ?»

«መቶው እናትህ ናቸው፣ ኢንተርኔት ካፌ እየከፈሉ!»

እስቅ ነበር ብላችሁ አትጠብቁ። ግን እወድ ነበር።

ከዚያ ከአባሎቹ አንዱ በረዶ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። የገጹን የይለፍ ቃል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። የአድራሻው ዘመን ሲያበቃ የሚያድስለት ሰው ጠፋ፤ በአንድ ቀን ጠዋት ገጹ ተዘጋ። አገር ቤት ያሉ እናቱ ኢንተርኔት ካፌ እየሄዱ ፎቶውን ያዩ እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው። ስልክ ደውለው «ልጄን መልሱልኝ» ብለው ጋሽ ቶሎሳ ላይ አለቀሱ።

ጋሽ ቶሎሳ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሡ። እንደ እድር ቅጽ ይሁን አሉ፤ እድር ስትገባ ብትሞት የሚጠራልህን ሰው ስም እንደምትጽፈው፣ እያንዳንዱ አባል የተጠሪ ስምና ስልክ በቅጹ ላይ ይሙላ። አድራሻዎቹ የሚመዘገቡበት ዓለም አቀፍ መዝገብም ከባለቤቱ ሌላ ሁለተኛ ሰው ይጠይቃልና፣ እዚያ ተጠሪው ይግባ አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። አብዛኛው እናቱን ጻፈ፤ እህቱን የጻፈም ነበረ። ቅጾቹን ሰብስቤ፣ ከቅጹ ወደ መዝገቡ በራሱ የሚሞላ ትንሽ ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። መዝገብ ቤት ውስጥ ለኖረች ሴት ትልቅ ነገር ነበር። ኮርቼበታለሁ።

አንድ ነገር ልግለጽ፤ ያ መዝገብ ክፍት ነው። ማንም ሰው፣ ከየትም አገር፣ የአንድን ድረ ገጽ አድራሻ ጽፎ የማን ነው ብሎ ቢጠይቅ ስምና ስልክ ይሰጠዋል። ለሠርግ ፎቶ ይህ ምንም አይደለም።

ጋሽ ቶሎሳ ኩላሊታቸው ታሞ ሥራ ካቆሙ በኋላ ዳዊት ደወለልኝ። ዳዊት ባንክ ውስጥ ፕሮግራም የሚጽፍ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ስብሰባ ላይ መጨረሻ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።

«እትዬ ሙሉ፣ ሌላ ገጽ ልከፍት ነው። በብዕር ስም» አለኝ።

«ምን ልትጽፍበት?»

«አገር ቤት እሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ነገር። ጓደኞቼ ዶክመንት ይልኩልኛል። ስሜ የትም እንዳይታይ፣ እትዬ። ፕሊስ።»

«በእኔ ይሁንብህ» አልኩት።

ያልኩት እንዲህ ነው፤ በእኔ ይሁንብህ።

ዳዊት ለማኅበሩ የሞላውን ቅጽ በፕሮግራሜ ወደ መዝገቡ አዛወርኩት። የባለቤቱ ስም ያለበት መስመር ላይ የዳዊትን አጥፍቼ የኩባንያውን ስም አስገባሁ፤ አድራሻውንና ስልኩንም እንደዚሁ ቀየርኩ። የእስክሪኑ ላይኛው ግማሽ ንጹሕ ሆነ። ያን ጊዜ ኢንጂነር ግዛቸው አናቴ ላይ ቆሞ ነበር። ለማኅበሩ ዋና ገጽ የራሱን ፎቶ ይዞ መጥቶ «ሙሉዬ፣ ቶሎ በይ እንጂ፣ ፓርኪንጌ ሊያልቅ ነው» ይላል። ለዓመታት ጥፋቱ የእሱ ነው እያልኩ ኖሬአለሁ። የእሱ አይደለም። እጄን ብብቴ ውስጥ አልከተትኩም። ወደ ታች ወርጄ አላነበብኩም። ታችኛው ግማሽ ላይ ፕሮግራሜ ራሱ የሞላው ሁለተኛው ስም ነበር፤ ፀዳለ፣ የዳዊት ታላቅ እህት፣ የጂኦግራፊ መምህርት፣ ከነስልክ ቁጥሯ። ተጫንኩት። የኢንጂነሩንም ፎቶ ሰቀልኩለት።

ዳዊት ሰባት ወር ጻፈ። በደንብ ነበር የሚጽፈው፤ ፊርማ ያለባቸውን ወረቀቶች ፎቶ አንስቶ ያወጣ ነበር። ሰዉ ሁሉ «ማን ይሆን?» ይላል። ስብሰባ ላይም ሲወራ ዳዊት መጨረሻ ወንበር ላይ ሆኖ ስልኩን ይነካካል። እኔ የማውቀውን በማወቄ ደስ ይለኝ ነበር።

በስምንተኛው ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ዳዊት ደወለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

«እትዬ፣ ለፀዲ ሰው ደወለላት።»

«የትኛው ሰው?»

«አላወቀችም። የዌብሳይቱ ባለቤት ቤት ነው ወይ አላት። እሷ ኢሜይል እንኳ የላትም! ምን ዌብሳይት ስትለው የገጼን ስም ፊደል በፊደል ነገራት። ከዚያ የቤት ቁጥሯን ነገራት። ከዚያ ዘጋው። እትዬ፣ ቼክ አድርጊው፣ እንዴት አገኟት?»

መዝገቡን ከፈትኩ። ወደ ታች ወረድኩ። ስሟ እዚያ ነበር።

እንደዚያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቅም።  ዳዊት «እትዬ? እትዬ?» ይላል። ቅጹ፣ በራሱ እጅ የሞላው፣ ፋይል ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«አንተው ነህ'ኮ የሞላኸው» አልኩት። «ተጠሪ ብለህ ቅጹ ላይ የጻፍካት አንተ ነህ።»

 ከዚያ «ኦ ማይ ጋድ» አለ፤ ቀጥሎም ሌላ ድምፅ አሰማ፣ አልጽፈውም። እውነት ነው፣ ቅጹን የሞላው እሱ ነው። እውነት ስለሆነ ነው ውሸቱ ሊያዝ ያልቻለው።

ስሟን ከመዝገቡ ለማጥፋት አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ። ግን መዝገቡን እየገለበጡ የሚያስቀምጡ ሌሎች ገጾች አሉ፤ እኔ የማላዛቸው፣ ባለቤታቸውን የማላውቃቸው። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ላይ ይወጣል። ሎጉን ከፈትኩ፤ ሎግ ማለት ገጹን ማን ከየት እንደጎበኘ ሰርቨሩ የሚይዘው ዝርዝር ነው። አንድ አድራሻ ከአገር ቤት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይገባ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ። አያነብም፤ ገብቶ፣ አዲስ ነገር መኖሩን አይቶ፣ ይወጣል። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ያን መስመር ባየሁ ቁጥር አንድ ሰው በሬ ላይ ቆሞ ሲተነፍስ የሰማሁ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ዳዊት ገጹን አጥፊው አለኝ። «ሁሉንም፣ ባካፑንም። ደሊት አድርጊው፣ እትዬ፣ ምናልባት ይተዋት ይሆናል።» አጠፋሁት። አልተዋትም። ትምህርት ቤቱ ከክፍል አንሥቶ ቢሮ አስቀመጣት። ሰዎች ሦስት ጊዜ ወስደው አነጋገሯት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበር። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ቦርሳ ይዛ ድንበር ተሻገረች።

ከሰዎች ሁሉ የነገርኳቸው ጋሽ ቶሎሳ ብቻ ናቸው። ክሪስታል ቤታቸው ሄጄ፣ ኩሽናቸው ውስጥ ተቀምጬ፣ የዳዊትን ገጽ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አነበቡት። ባለቤቱ ኩባንያው፣ ሁለተኛዋ ፀዳለ፣ ያስገባሁትም እኔ መሆኔ በራሴ ጽሕፈት ተጽፎበት ነበር።

«ልጁ ያውቃል?» አሉኝ።

«በእሱ ጥፋት መስሎታል።»

«ንገሪው። ዛሬ።»

«እሺ፣ ጋሽ ቶሎሳ።»

አልነገርኩትም። ኬቨን ከሰማ ያባርረኛል፣ ማኅበሩ ይተፋኛል፣ በዚህ ዕድሜዬ ወደ ዳሱ እመለሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ጋሽ ቶሎሳ ባገኙኝ ቁጥር ስለ ኩላሊታቸው ስጠይቃቸው መልሱ አንድ ነበር፤ «ነገርሽው?» በመጨረሻ መሄድ አቆምኩ። በዚያው ክረምት፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር።

ኢንጂነር ግዛቸው ግን ያኔውኑ፣ የፀዳለን ነገር እንደ ሰማ፣ ቢሮዬ መጣ። በሩን ዘግቶ «ማኅበሩን የሚያስጠይቅ ነገር አለ?» አለኝ። ማን ተጎዳ አላለም። የዳዊትን ቅጽ አውጥቼ ሰጠሁት። አይቶ ፊቱ በራ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ከፍ አድርጎ ያዘውና «ወገኖቼ፣ ጥፋቱ የአባሉ የግል ጥፋት ነው፣ እነሆ በራሱ እጅ» አለ። የዳዊት ወንበር ባዶ ነበር። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። ያን ዓረፍተ ነገርም መዘገብኩት።

እና አሁን ታሪኩን ጻፈው። «የገዛ እህቱን ስም በቸልተኝነት ለዓለም የሰጠ አባል ነበረን» ይላል። ኢንጂነር፣ ይህን ታነብ ይሆናል። ያኔ ቅጹን ስሰጥህ አንድ ጥያቄ ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ «ከቅጹ ወደ መዝገቡ ማን አዛወረው?» ብትል ኖሮ፣ እጋለጥ ነበር። ኢንጂነር ነኝ የምትል ሰው ነህ፤ አልጠየቅክም፤ መልሱ ስለተመቸህ። ይህን ብዬህ እኔ ነጻ አልወጣም። ግን በስምህ ፊት ያለውን ማዕረግ ለሚያየው ሰው ይህም ይጻፍለት።

ፀዳለ ናይሮቢ ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ ሚኒሶታ ገባች። ዳዊት ቤቱ አስገባት። ሁለት ሳምንት ቆይታ ወጣች። ራሱን ለመደበቅ ሲል የእሷን ስም ሰጠ ብላ ታምናለች፤ እሱም አልካደም፤ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን እሱም ያምናላ። አንድ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ፣ አይነጋገሩም። ዳዊት ልጁን ክርስትና ያስነሣ ዕለት ለሕፃኑ ስትል መጥታ መጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። እኔም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ።

የግዛቸውን ጽሑፍ ባነበብኩ በሦስተኛው ቀን አሥራ ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍሬ ሴንት ፖል ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ካለው የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ነው ፀዳለ የምትኖረው። ደረጃው ላይ ሁለቴ ተቀመጥኩ። ተመልሼ ልሂድ ብዬ አንዴ እስከ ታች ወርጃለሁ። በሩን ስትከፍት አወቀችኝ።

«ውይ፣ እትዬ! ይግቡ፣ ይግቡ። ይቀመጡ።»

የትምህርት ቤት ኩሽና የሥራ ልብሷን እያጠፈች ነበር። አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ እንደማልናገር አውቄዋለሁ።

«ፀዳለ፣ ስምሽንና ስልክሽን መዝገቡ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዳዊት አላስገባም፣ አላየውምም። ስሜን ደብቂልኝ ብሎ አደራ ሰጠኝ፤ የሱን ደብቄ ያንቺን ረሳሁ። ከዚያ ሲጠይቀኝ በሱ አሳበብኩ።»

ማጠፉን አላቋረጠችም። አንዱን ቀሚስ ጨርሳ ሌላውን አነሣች።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«የዚያኑ ቀን። ዳዊት የደወለልኝ ቀን።»

«እኔ እዚህ ስገባ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«የልጁ ክርስትና ቀንስ?»

«አዎ።»

ቀሚሱን አስቀመጠችው።

«አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር» አለችኝ። «ዳቦ አቀበልሽኝ። ከወንድምሽ ጋር ለምን አትታረቂም ብለሽ መከርሽኝ።»

ብዬ ነበር። ያን ረስቼው ነበር፣ ወይም ረሳሁት እያልኩ ነበር።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ወደ ታች አየች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ትመታኛለች ብዬም ጠበቅኩ።  ከዚያ ሞባይሏን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ቁጥር ፈልጋ ተጫነችና፣ ጆሮዋ ጋ ሳታደርሰው፣ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ለእኔ የነገርሽኝን ንገሪው» አለች። «እዚሁ ቆሜ እሰማለሁ።»

እየጠራ ነበር። ሁለቴ ጠራ። ከዚህ ቤት ለእሱ ተደውሎለት አያውቅም። ሦስተኛው ሳይጨርስ አነሣው፤ የእህቱን ቁጥር ስላየ ድምፁ እንደ ሕፃን ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ፀዲ? ፀድዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«አይደለችም፣ ዳዊት» አልኩት። «እኔ ነኝ።»